ሲነሱ ለሚወርድ የደም ግፊት፦ ክኒን ከመጀመርዎ በፊት ተኝተውም ቆመውም ይለኩ

ከአልጋ ወይም ከበርጩማ ብድግ ሲሉ ዓይንዎ የሚጨልም፣ ራስዎ የሚዞር፣ ጉልበትዎ የሚከዳ፣ መልሰው ሲቀመጡ ግን ቀለል የሚልዎት ከሆነ፣ በቆሙ ቁጥር የደም ግፊትዎ እየወረደ ሊሆን ይችላል። ማንኛውም ሰው ሲቆም ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ደም ወደ እግሩና ወደ ሆዱ ይወርዳል። ጤነኛ ሰውነት ይህን በሰከንዶች ውስጥ ያስተካክለዋል፤ ነርቮች የደም ሥሮችን ያጠብባሉ፣ ልብም ምቱን ያፈጥናል። በሰውነት ውስጥ ያለው ደም ወይም ውኃ ሲያንስ፣ ነርቮቹ ሲታመሙ፣ ወይም የሚወስዱት አንድ መድኃኒት ይህን ሥራ ሲያውክ ግን ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። ሰውየው ይንገዳገዳል፣ አንዳንዴም ይወድቃል። በዕድሜ ለገፋ ሰው አንድ እንዲህ ያለ ውድቀት የዳሌ አጥንት ስብራትና የወራት መኝታ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ነገሩን «ድካም ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ለዚህ ችግር የሚታዘዙ መድኃኒቶች አሉ፤ ለብዙ ሰውም ይጠቅማሉ። ሆኖም ዋና ዋናዎቹ የጋራ ጠባይ አላቸው፦ ቆመው ሳሉ የሚወርደውን ግፊት ከፍ ሲያደርጉ፣ ተኝተው ሳሉ ያለውንም ግፊት አብረው ከፍ ያደርጋሉ። ቀን ከመውደቅ ያዳነ ክኒን ሌሊት ለአንጎል ደም መፍሰስ ወይም ለልብ ድካም ሊያጋልጥ ይችላል። ከዚህ የሚከተለው ቀላል ሕግ ነው፦ ተኝቶም ቆሞም ያልተለካ ሰው ለዚህ ሕመም ክኒን መጀመር የለበትም፤ የጀመረም ሰው ሁለቱን ልኬቶች ሳያስከትል መቀጠል የለበትም። ይህ ሕግ በየትኛውም አገር ይሠራል፤ በካፋ ዞን ግን ክብደቱ ይበልጣል። ከዴቻ ወይም ከሳይለም ገጠር ወደ ቦንጋ የመጣ ታካሚ ዛሬ የተሰጠውን ክኒን ይዞ ሲመለስ፣ እንደገና የሚለካው ሰው ለወራት ላያገኝ ይችላል። ለልዩ ምርመራ ወደ ጅማ ወይም ወደ ሚዛን አማን መሄድ የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪ አለው። ክትትል ውድ በሆነበት ቦታ፣ ክትትል የማይጠይቀውን ማስቀደምና ክትትል የሚሻውን ወደ መጨረሻ ማቆየት አስተዋይነት ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በዚሁ ቅደም ተከተል የተደረደሩ ናቸው።

እርምጃ 1፦ መጀመሪያ አደጋውን ይለዩ

ሲነሱ ማዞር አንዳንዴ የሌላ አጣዳፊ በሽታ ምልክት ነው። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስታወኩ፣ ደረትዎን ከወጋዎት፣ ልብዎ ያለ ሥርዓት ከመታ፣ ተኝተው ሳሉ ወይም በሥራ መካከል ራስዎን ከሳቱ፣ በአንድ ወገን እጅና እግርዎ ላይ ድካም ወይም የአፍ መጣመም ካዩ፣ ወይም ተቅማጥና ትውከት በዝቶ ውኃ መያዝ ካቃተዎት፣ ስለ ክኒን ማሰቢያ ጊዜ አይደለም፤ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የወር አበባ የቀረባት ሴት ሆዷን አሟት ካዞራት፣ ወይም ነፍሰ ጡር ደም ከፈሰሳት፣ እንደ ድንገተኛ አደጋ ይቆጠራል። ትኩሳት ካለ የወባ ምርመራ ይቀድማል። ወባ ራሱ ሰው ሲቆም ግፊቱ እንዲወርድ ያደርጋል፤ የወባ መድኃኒቱ ኩዊኒን ደግሞ ይህን ያባብሰዋል። ስለዚህ ከጎጀብ ሸለቆ ወይም ከሌላ ቆላ የመጣ ባለ ትኩሳት ሰው ሲነሳ ቢያዞረው፣ መፍትሔው ወባውን ማከምና ፈሳሽ መተካት ነው እንጂ ግፊት የሚያነሳ ክኒን አይደለም።

ደም ማነስ እና የደም ግፊት መውረድም መለየት አለባቸው። ደም ያነሰው ሰው ሲቆም ሊያዞረው ይችላል፤ ሕክምናው ግን ደሙ ለምን እንዳነሰ ፈልጎ ያንን ማከም ነው። ግፊቱ በሌላ ምክንያት የሚወርድ ሰው ደግሞ የብረት ክኒን ለወራት ቢውጥ ማዞሩ አይለቀውም። የሄሞግሎቢን ምርመራ ቀላል ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን ይጠይቁ።

እርምጃ 2፦ ሁለቱን ልኬቶች በትክክል ያስለኩ

በየተመላላሽ ክፍሉ ግፊት የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ ታካሚው ተቀምጦ ነው። ይህ ለደም ግፊት ብዛት ምርመራ ይበቃል፤ ለዚህ ችግር ግን አይበቃም። ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው፦ በጀርባዎ ተኝተው 5 ደቂቃ ያርፋሉ፤ ግፊትዎና የልብ ምትዎ ይለካል። ከዚያ ይቆሙና በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ እንደገና ይለካሉ፤ የታሰረበት ክንድ በልብ ከፍታ ልክ ይደገፋል። የላይኛው ቁጥር 20 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 10 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ችግሩ አለ ማለት ነው። ተኝተው ሳሉ ግፊታቸው ከፍ ለሚል ሰዎች የላይኛው ቁጥር መውረድ 30 ሲሆን ይበልጥ አሳማኝ ይሆናል። ልኬቱን ጠዋት ማድረግ ይመረጣል፤ ችግሩ የሚብሰው ከእንቅልፍ እንደተነሱ ስለሆነ ነው። ከሰዓት በኋላ የተለካ «ደህና ነህ» የሚል ውጤት ጉዳዩን አይዘጋውም።

የልብ ምቱ ለምን እንደሚለካ በምሳሌ ይታያል። የሁለት ሰዎች የላይኛው ግፊት ተኝተው 150፣ ቆመው 110 ሆነ እንበል፤ የሁለቱም በ40 ወርዷል። የአንደኛው ምት ከ70 ወደ 105 ከፍ ካለ፣ ነርቮቹ ጉድለቱን ለመሙላት እየታገሉ ነው፤ የጎደለው ምናልባት ውኃ ወይም ደም ነው፣ ወይም መድኃኒት ጣልቃ ገብቷል። የሁለተኛው ምት ከ70 ወደ 76 ብቻ ከፍ ካለ ግን የታመሙት ነርቮቹ ሳይሆኑ አይቀሩም። የምቱ ጭማሪ ለግፊቱ መውረድ ሲካፈል ከግማሽ በታች ከሆነ ባለሙያዎች ወደ ነርቭ ሕመም ያዘነብላሉ፤ በዚህ ምሳሌ 6 ለ40 ሲካፈል 0.15 ነው። ለብዙ ዓመት የቆየ የስኳር ሕመም፣ የፓርኪንሰን ሕመምና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት እንዲህ ያለውን የነርቭ ጉዳት ከሚያመጡት መካከል ናቸው። እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉ ምት የሚያዘገዩ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ላይ ግን ይህ ስሌት ያሳስታል። ልዩነቱ ሕክምናውን ይወስናል፤ ውኃ የጎደለውን ሰው የሚያድነው ውኃ ነው፣ ክኒን የሚያስፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ነርቩ ለታመመው ነው።

«ይህን ሁሉ የሚለካልኝ ማን አለ?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ ተገቢ ነው። ይህ ልኬት ላቦራቶሪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ የግፊት መለኪያ፣ አንድ አልጋና ወደ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ጤና ጣቢያ ያለ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ሊሠራው ይችላል፤ መለኪያ ያላት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም በቀጣይ ክትትል ልትረዳ ትችላለች። ታካሚው ማድረግ ያለበት «ተኝቼም ቆሜም ይለካልኝ» ብሎ በግልጽ መጠየቅና ቁጥሮቹን ከሰዓቱ ጋር በደብተር መያዝ ነው። ያ ደብተር በቦንጋ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታልም ሆነ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ለሚያየው ሐኪም ትልቅ መረጃ ይሆናል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት አጽፈው መሄድዎን አይርሱ።

እርምጃ 3፦ አሁን የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ያስቆጥሩ

ለዚህ ሕመም ከሁሉ የሚሻለው የመድኃኒት ሕክምና ብዙ ጊዜ መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው። በቤት ያለውን ክኒን ሁሉ፣ ከጎረቤት የተዋሱትንና የባህል መድኃኒቱንም ጨምረው፣ በአንድ ፌስታል ይዘው ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲስቱ ያሳዩ። በተለይ የሚፈለጉት እነዚህ ናቸው፦ ሽንት የሚያበዙ እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፉሮሴማይድ ያሉት፤ ለፕሮስቴት የሚሰጡ እንደ ታምሱሎሲንና ቴራዞሲን ያሉት፤ ለደረት ውጋት የሚሰጡ ናይትሬቶች፤ ለጭንቀት፣ ለነርቭ ሕመምና ለእንቅልፍ የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፤ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ክሎርፕሮማዚን፤ ለፓርኪንሰን የሚሰጠው ሌቮዶፓ፤ ለወንዶች የወሲብ ድካም የሚሸጠው ሲልዴናፊል። የመጨረሻውን ብዙዎች ለሐኪም መናገር ያፍራሉ፤ ከናይትሬት ጋር ሲገናኝ ግን ሕይወት ሊያጠፋ ስለሚችል መደበቅ አይገባም። ሐኪሙ ከእነዚህ አንዱን ሊቀይር፣ መጠኑን ሊቀንስ ወይም የሚወሰድበትን ሰዓት ወደ መኝታ ሊያዛውር ይችላል። አንዳንዴ ሌላ ምንም ሳይጨመር ማዞሩ በዚህ ብቻ ያበቃል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች አሉ። አንደኛው መድኃኒትን በራስ ውሳኔ ማቆም ነው። «የግፊት መድኃኒቱ ነው የጣለኝ» ብሎ ድንገት ያቆመ ሰው ግፊቱ ሊያሻቅብበትና ስትሮክ ሊመታው ይችላል፤ የአእምሮ ሕመም ወይም የልብ መድኃኒት ማቆምም እንዲሁ አደገኛ ነው። ሁለተኛው ስሕተት የደም ግፊት ብዛት ያለበት ሰው ሲነሳ ካዞረው መድኃኒቱ በጠቅላላ ጎጂ ነው ብሎ መደምደም ነው። የታላላቅ ጥናቶችን ውጤት ያሰባሰበ ትንታኔ ያሳየው ተቃራኒውን ነው፤ የደም ግፊታቸው ጠበቅ ተደርጎ የታከመ ሰዎች ሲቆሙ ግፊታቸው የሚወርድበት ዕድል ከሌሎቹ ያነሰ እንጂ የበለጠ አልነበረም። ለረጅም ጊዜ ያልታከመ ከፍተኛ ግፊት ራሱ የደም ሥሮችንና ነርቮችን ያደክማልና ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ለሰውየው የማይስማማውን ክኒን መለየት ነው እንጂ ሕክምናውን መተው አይደለም።

እርምጃ 4፦ ውኃ፣ ጨው፣ መቀነትና አልጋ

ክኒን ሳይጨመር የሚደረጉት ነገሮች «ለይስሙላ የሚነገር ምክር» ተደርገው ይታያሉ፤ በልኬት ሲታዩ ግን ከአንዳንዱ ክኒን አያንሱም። ነርቩ የታመመ ሰው ግማሽ ሊትር ውኃ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሲጠጣ የላይኛው ግፊቱ በ30 እና ከዚያ በላይ ሊጨምር እንደሚችል ጥናቶች አሳይተዋል። ጭማሪው በደቂቃዎች ይጀምራል፣ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይጎላል፣ ለአንድ ሰዓት ያህልም ይቆያል። ስለዚህ የተፈላ ወይም የታከመ ውኃ ከአልጋዎ አጠገብ ያሳድሩ፤ ጠዋት ሳይነሱ ጎንዎ ላይ ደገፍ ብለው ይጠጡት፣ ጥቂት ቆይተው ይቀመጡ፣ ከዚያ ይቁሙ። በቀኑ ውስጥ በጠቅላላ ከ2 እስከ 2 ሊትር ተኩል ፈሳሽ የአብዛኛው ሰው ግብ ነው። ተቅማጥ ካለ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይጨመራል። ምግብ ላይ ጨው ጨመር ማድረግም ይረዳል። ይሁንና የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ እግሩ የሚያብጥ ወይም ተኝቶ ሲለካ ግፊቱ ከፍ የሚል ሰው ውኃውንም ጨውንም ያለ ሐኪም ምክር መጨመር የለበትም። ሁለቱን ልኬቶች ማስቀደሙ ለጨው እንኳ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሆድን ጠበቅ አድርጎ መታሰር የወረደውን ደም ወደ ልብ ይመልሳል፤ በሆድ ዕቃ የሚጠራቀመው ደም ብዙ ስለሆነ እግር ብቻ ከመታሰር የተሻለ ውጤት አለው። ለዚህ ውድ የሕክምና ቀበቶ ባይገኝ ሰፋ ያለ መቀነት ይበቃል። ከመነሳት በፊት ተኝተው ይታሰሩት፤ ሲተኙ ይፍቱት፤ ነፍሰ ጡር ግን አትጠቀምበት። ከአልጋው የራስጌ እግሮች ሥር ጡብ ወይም የእንጨት ጉማጅ አስገብቶ ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ሌሊት በሽንት የሚባክነውን ውኃና ጨው ይቀንሳል፤ ሲተኙ የሚጨምረውንም ግፊት ያለዝባል። ሌሊት ለሽንት የሚነሱ ሰዎች ፖፖ ቢያስቀምጡ ብዙ ውድቀት ይቀራል። ረጅም ሰዓት መቆም ግድ ሲሆን፣ ለምሳሌ በቅዳሴ ወይም በለቅሶ ቦታ፣ እግርን አነባብሮ ጭንን መጭመቅ፣ በጣቶች መነሳትና መመለስ፣ መቋሚያ ወይም ምርኩዝ መያዝ ይረዳል፤ ዓይን መጨለም ሲጀምር ወዲያው ቁጢጥ ማለት ወይም መቀመጥ ያድናል። ቡና ለቀማ ላይ ያለ ሰውም ካጎነበሰበት በቀስታ ቀና ይበል።

ምግብና መጠጥም ድርሻ አላቸው። ብዙ ቆጮ ወይም እንጀራ በአንድ ጊዜ ሲበላ ደም ወደ አንጀት ይሄዳል፤ ግፊቱም እስከ 2 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ ሊወርድ ይችላል። ትንሽ ትንሹን ደጋግሞ መብላት ይሻላል። ጠጅ፣ ጠላና አረቄ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፉ ግፊቱን ይጥላሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልና ውኃ ሳይቀምሱ በጾም የሚውሉ ምእመናን፣ በረመዳን የሚጾሙም፣ ችግሩ ከታወቀ በኋላ ጉዳዩን ለሐኪማቸው፣ ከዚያም ለነፍስ አባታቸው ወይም ለሃይማኖት አባታቸው ቢያማክሩ መልካም ነው።

በካፋ የሚነሳው ሌላው ጥያቄ «ቡናው አይበቃንም ወይ?» የሚል ነው። የቡና ካፌይን የደም ሥሮች እንዲሰፉ የሚያዘውን አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚያግድ ግፊትን በመጠኑ ያነሳል፤ በተለይ ከምግብ በኋላ ግፊታቸው ለሚወርድ ሰዎች ይመከር ነበር። ሆኖም ማስረጃው ጠንካራ አይደለም፤ በየቀኑ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ የሚጠጣ ሰውነት ደግሞ ለካፌይን ስለሚላመድ ጥቅሙ ይቀንሳል። ልብዎ ካልተረበሸ ጠዋት ከቁርስ ጋር አንድ ሁለት ስኒ መጠጣት ጉዳት የለውም፤ ማታ ግን እንቅልፍ ይነሳል። የቡና አገር ሰው ቡናውን ይጠጣ፤ ውኃውን ግን በቡና አይተካው።

እርምጃ 5፦ ክኒን ካስፈለገ የትኛው፣ እንዴት?

ከላይ ያሉት ተሞክረው፣ ሰውየው አሁንም ቆሞ ሥራውን መሥራት ካልቻለ፣ መድኃኒት ይታሰባል። ግቡ ቁጥሩን 120 ማድረስ ሳይሆን ሰውየው ሳይወድቅ ቆሞ መዋል እንዲችል ማድረግ ነው። ይህን ልዩነት የሚያስረዳ፣ ለዚህ ሕመም የሚሰጥ ሚዶድሪን የተባለ መድኃኒት ታሪክ አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሚዶድሪንን እ.ኤ.አ. በ1996 የፈቀደው የቆመን ሰው ግፊት እንደሚያነሳ ስለታየ ነው፤ አምራቾቹ ታካሚዎች በእርግጥ ኑሯቸው እንደሚሻሻል በተጨማሪ ጥናት እንዲያሳዩም ተጠይቀው ነበር። ያ ማስረጃ በጊዜው ባለመቅረቡ መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ፈቃዱን ለማንሳት ሐሳብ አቀረበ፤ በኋላ መድኃኒቱ በገበያ ላይ ቀጠለ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የቁጥር ማደግ ብቻውን የታካሚ መሻል አይደለም።

ሚዶድሪን የደም ሥሮችን በቀጥታ ያጠብባል። በግማሽ ሰዓትና በአንድ ሰዓት መካከል መሥራት ይጀምራል፤ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። ሐኪም በ2.5 ሚሊ ግራም ጀምሮ በቀን ሦስት ጊዜ እስከ 10 ሚሊ ግራም ሊያደርሰው ይችላል። ዕድሜው አጭር መሆኑ ጥቅም ነው፤ ሰውየው በሚቆምባቸው ሰዓታት ብቻ ይወስደዋል። ለምሳሌ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ረፋድ 5 ሰዓት፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ክኒን ከመኝታ ቢያንስ 4 ሰዓት መቅደም አለበት፤ በገጠር እንደ ልማድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የሚተኛ ሰው ከ10 ሰዓት በኋላ መውሰድ የለበትም። ቀን ጋደም ማለት ከፈለጉ የዚያን ሰዓት ክኒን ይለፉ። የራስ ቆዳ ማሳከክና የሰውነት ፀጉር መቆም የታወቁ ምልክቶቹ ናቸው። ሽንት የሚቋጥርበት ሰው፣ ከባድ የልብ ሕመም ወይም ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ያለበት፣ የእንቅርት ሆርሞን የበዛበት ሰው አይወስደውም።

ፍሉድሮኮርቲሶን በሌላ መንገድ ይሠራል፤ ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ያደርጋል። በቀን 0.1 ሚሊ ግራም ጠዋት ይጀመራል፤ ውጤቱ የሚታየው ከቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ መጠኑን መጨመር ስሕተት ነው። በርካሽነቱና በቀን አንዴ በመወሰዱ በብዙ አገር ለረጅም ዘመን ታዝዟል፤ ማስረጃው ግን ከዝናው ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ድርጅት ግምገማ ለዚህ ሕመም ስላለው ጥቅም ያለው ማስረጃ እጅግ አጠራጣሪ ነው ሲል ደምድሟል። ጉዳቱ ግን የታወቀ ነው፦ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ይቀንሳል፣ እግር ያሳብጣል፣ የልብ ድካምን ያባብሳል፣ ተኝተው ሳሉ ያለውን ግፊት ሌሊቱን ሙሉ ያነሳል። ከፉሮሴማይድ ወይም ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር ሲወሰድ የፖታሲየሙ መውረድ ይብሳል፤ ዲጎክሲን የተባለውን የልብ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ የልብ ምት መዛባት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ በተጀመረ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ፖታሲየም መመርመር ያስፈልጋል። ምርመራውን ማግኘት ለማይችል ሰው ይህ ክኒን ጥሩ ምርጫ አይደለም።

አንድ የተለየ ሁኔታ ግን አለ። ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ሲከስሙ ሰውነት ጨው መያዝ ያቅተዋል፤ ከመንስኤዎቹ አንዱ የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ተሕዋስ ዕጢዎቹን መጉዳቱ ነው። ሰውየው ይከሳል፣ ጨው ይናፍቀዋል፣ ድዱና የመዳፉ መስመሮች ይጠቁራሉ፣ ሲነሳ ይወድቃል። ለዚህ ሰው ፍሉድሮኮርቲሶን ከሃይድሮኮርቲሶን ጋር የጎደለውን ሆርሞን የሚተካ ሕይወት አድን ሕክምና ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የገባውም በአድሬናል ሆርሞኖች ክፍል ነው። እንዲህ ያለ ታካሚ ክኒኑን ለአንድ ቀንም ማቋረጥ የለበትም። ከዚህ በፊት የሳንባ ነቀርሳ ታክመው ከነበረና እነዚህ ምልክቶች ካሉብዎት ለሐኪሙ ሳይጠየቁ ይንገሩ።

ሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ይቀራሉ። ፒሪዶስቲግሚን የሚታወቀው ማያስቴኒያ ግራቪስ በተባለው የጡንቻ ድካም ሕመም ነው፤ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ሲወሰድ ሰውነት ሲቆም የሚልከውን የነርቭ ትእዛዝ ያጠነክራል። ኃይሉ መጠነኛ ቢሆንም ተኝተው ሳሉ ያለውን ግፊት እምብዛም አያነሳም፤ ግፊታቸው ተኝተው ከፍ፣ ቆመው ዝቅ ለሚልባቸው ሰዎች የሚታሰበው በዚህ ምክንያት ነው። የሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥና ምራቅ መብዛት ያመጣል። ድሮክሲዶፓ ደግሞ በሰውነት ውስጥ ወደ ኖርአድሬናሊን የሚለወጥ ነው፤ በጃፓን ከቆየ በኋላ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 ለነርቭ ሕመምተኞች ተፈቅዷል። ዋጋው ውድ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ያለው ጥቅምም በቂ ማረጋገጫ አላገኘም። እነዚህ መድኃኒቶች በሁሉም ፋርማሲ የሚገኙ አይደሉም።

በዚህ የተነሳ ብዙ ቤተሰብ ውጭ አገር ያለ ዘመዱን «ክኒን ላክልኝ» ይላል። ፍቅሩ የሚያኮራ ነው፤ መንገዱ ግን ሦስት ጉድለት አለው። የተላከው መድኃኒት ለሌላ ሰው ሕመም የታዘዘ ሊሆን ይችላል፤ ሲያልቅ የሚተካው ላይኖር ይችላል፤ መጠኑን የሚያስተካክል ሐኪም አጠገብ የለም። ሐኪምዎ በእርግጥ ያስፈልጋል ብሎ በስሙና በመጠኑ ከጻፈልዎት፣ በቦንጋ ካልተገኘ በጅማ ወይም በአዲስ አበባ ሕጋዊ ፋርማሲዎች ያስፈልጉ። የሚጠራጠሩትን መድኃኒት ወይም የደረሰብዎትን ጉዳት ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 መጠቆም ይቻላል።

እርምጃ 6፦ ክኒኑን ከጀመሩ በኋላ

በመጀመሪያው ወር ቢያንስ በሳምንት አንዴ ተኝተውም ቆመውም ይለኩ። ተኝተው የተለካው የላይኛው ቁጥር 140 ወይም የታችኛው 90 ሲደርስ ሐኪምዎ ማወቅ አለበት፤ 160 ሲያልፍ መጠኑ ወይም ሰዓቱ ሊስተካከል ይገባል፤ 180 ከደረሰ ቀጣዩን ክኒን ሳይወስዱ፣ ራስዎን ቀና አድርገው ተቀምጠው በዚያው ቀን የጤና ባለሙያ ያማክሩ። በአድሬናል ሕመም ምክንያት ፍሉድሮኮርቲሶን የሚወስድ ሰው ግን በራሱ ሳያቋርጥ ወዲያው ወደ ሐኪም ይሂድ። ከባድ ራስ ምታት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የእግር እብጠት ወይም ድንገተኛ የክብደት መጨመር ሲታይ ቀጠሮ አይጠበቅም። ለምን ያህል ደቂቃ ሳያዞርዎት መቆም እንደቻሉም በደብተርዎ ይጻፉ። በቂ ጊዜና መጠን ተሞክሮ የመቆሚያ ጊዜው ካልረዘመ፣ ግፊቱ ቢጨምርም ክኒኑ አልጠቀመም፤ ሐኪሙ ሊያቆመው ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ከታካሚው ራሱ የሚመጣ ነው፦ «ዛሬ መቆም ያቃተኝን ሰው ስለ ነገ ስትሮክ ለምን ታስፈራሩኛላችሁ?» ጥያቄው እውነት አለው። በፓርኪንሰን ወይም በቆየ የስኳር ሕመም ነርቩ ክፉኛ የተጎዳ፣ ከአልጋ ወርዶ ደጅ መድረስ ያቃተው አዛውንት፣ ተኝቶ ያለው ግፊቱ በመጠኑ ቢጨምርም መቆም መቻሉን ሊመርጥ ይችላል፤ ሐኪሞችም ይህን ምርጫ ያከብራሉ። ነገር ግን ምርጫ የሚባለው ሁለቱን ወገን አይቶ ሲወሰን ነው። ተኝቶ ያልተለካ ሰው የሚከፍለውን ዋጋ አያውቅም። አልጋውን ከራስጌ ከፍ አድርጎ፣ የማታውን ክኒን ትቶ፣ በየሳምንቱ እየተለካ የሚወስድ ሰው ጥቅሙን ሳያጣ አደጋውን ይቀንሳል። ርቀቱን ምክንያት አድርጎ ያለ ልኬት የሚውጥ ሰው ግን አደጋውን ብቻውን ተሸክሟል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ሦስት ነገር ይያዙ፦ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ አንድ ደብተር፣ «ተኝቼም ቆሜም ይለካልኝ» የሚል ጥያቄ። በቤትዎ ሲነሱ የሚንገዳገዱ አባት ወይም እናት ካሉም ይህን ጥያቄ እርስዎ ይጠይቁላቸው። ልኬቱ 10 ደቂቃ ይፈጃል፤ ያለ እሱ የተጀመረ ክኒን የሚያመጣው ጉዳት ግን ለዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል።